የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ጉልበት፦ አለካኩና አስተካከሉ
(ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ጉልበት እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚስተካከል ነው። ስለ ግድብና ስለ ኃይል ማመንጫ መነጋገር ለለመደ መሐንዲስ ርእሱ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ የግብርና ባለሙያው ወደ ገበሬው ማሳ፣ የጤና ሠራተኛው ወደ በሽተኛው መንደር፣ መልእክተኛውም ወደ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው። ከእነዚህም ተሽከርካሪዎች መካከል ከተሠሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ዛሬም ሲሠሩ ይታያሉ።

እንዲህ ያለው ሞተር ብስክሌት «ጉልበቱ ደክሟል» ተብሎ ወደ ጋራዥ ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምን ያህል እንደ ደከመ ሳይለካ ይፈታል። ተገጥሞ ሲወጣም ምን ያህል እንደ በረታ ሳይለካ ይወጣል። ባለቤቱ ለፒስቶኑ፣ ለፋሻውና ለካርቡራቶሩ ገንዘብ ይከፍላል፤ በከፈለው ገንዘብ ምን ያህል ጉልበት እንዳገኘ ግን የሚነግረው የለም። እኔ በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልኬት ያልቀደመው ማስተካከያ ግምት መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ የተለካበት ቦታና የአየር ሁኔታ አብሮ ካልተጻፈ፣ በተለይ እንደኛ ባለ ደጋና ቆላ በተጎራበቱበት አገር፣ ልኬቱ ራሱ አሳሳች መሆኑን ነው።

፩. የፈረስ ጉልበት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንደሚታወቀው ጉልበት ማለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ሥራ ልክ ነው። በሜትሪክ አቆጣጠር አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ሲሆን፣ ይህም 735.5 ዋት ይሆናል። ጄምስ ዋት ያወጣው የእንግሊዞቹ የፈረስ ጉልበት ደግሞ 745.7 ዋት ነው። ልዩነቱ ከአንድ ተኩል በመቶ ስለማይበልጥ በአሮጌ ሞተር ላይ ይህን ያህል አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው።

ሞተሩ በቀጥታ የሚሰጠን የማዞር ኃይል ነው። ይህ ኃይል በደቂቃ ከሚደረገው ዙር ጋር ሲባዛ ጉልበት ይሆናል። የማዞሩ ኃይል በኪሎ ግራም ሜትር ከተለካ፣ በደቂቃው ዙር አባዝቶ ለ716 ማካፈል የፈረስ ጉልበቱን ይሰጣል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበውን፣ በታዳጊ አገሮች ብዙ ጥገና ሳያገኝ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈውን ሆንዳ ሲጂ 125 እንውሰድ። ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት በ9000 ዙር 11 ፈረስ ያህል ነው። ይህም በዚያ ዙር ላይ ወደ 0.88 ኪሎ ግራም ሜትር የሚጠጋ የማዞር ኃይል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ጉልበቱ የተለካው የት ላይ ነው? ሞተሩ ምን ምን ተገጥሞለት? በምን ዓይነት አየር ውስጥ? ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚናገሩት በሞተሩ ዘንግ ላይ የተገኘውን ነው፤ ከዚያ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ካምቢዮውና ካቴናው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ያህል ይበላሉ። በድሮዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይማ የፈረሱ ቁጥር አንዳንዴ ጨርሶ ልኬት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣው 550 ሲሲው ትሪያምፍ ሞዴል ኤች «ባለ 4 ፈረስ» ይባል ነበር። ይህ ግን የሞተሩን መደብ የሚገልጽ ስያሜ እንጂ በመለኪያ የተረጋገጠ ጉልበት አልነበረም። ስለዚህ በአሮጌ ሞተር ላይ ያገኘነውን ቁጥር ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር ከማስተያየታችን በፊት ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባናል።

፪. የመለኪያው መሣሪያ

ጉልበትን በፍሬን የመለካት ዘዴ ዕድሜው ረጅም ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ እ.ኤ.አ. በ1821 ባቀረበው ዘዴ፣ የሚሽከረከረው ዘንግ በእንጨት ፍሬን ይጨበጣል፤ ፍሬኑ አብሮ ሊዞር ሲል ረጅም ክንዱ በሚዛን ይያዛል፤ ሚዛኑ ያሳየው ክብደት በክንዱ ርዝመት ሲባዛ የማዞሩ ኃይል ይገኛል። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1877 ለመርከብ ሞተሮች በውኃ የሚሠራ ፍሬን ሠራ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ዲናሞሜትሮች መልካቸው ይለይ እንጂ መሠረታዊ አስተሳሰባቸው ከዚያ የተለየ አይደለም።

ለሞተር ብስክሌት የሚያገለግሉት ዲናሞሜትሮች በአብዛኛው የኋላ ጎማ በከባድ ከበሮ ላይ የሚያርፍባቸው ናቸው። እነዚህም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከበሮውን ለማፍጠን የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ጉልበቱን ያሰላል፤ ሥራው በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል። ሁለተኛው ከበሮውን በፍሬን ይዞ ሞተሩን በአንድ ዙር ላይ ሊያቆየው ይችላል። የነዳጅና የአየር ድብልቅን ለማስተካከል ሁለተኛው ይመረጣል፤ ሞተሩ በጭነት ውስጥ ሲግል የሚያሳየውን ጠባይ ለማየት ያስችላልና። ነገር ግን በነፋስ የሚቀዘቅዝን አሮጌ ሞተር ያለ ማራገቢያ በሙሉ ጋዝ ለረጅም ጊዜ ይዞ ማቆየት እንደ መግደል ይቆጠራል።

በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን ዘይቱ ሳይሞቅ መለካት፣ የጎማው ነፋስ ሳይመዘን መለካት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ማመን ተገቢ አይደለም። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ውጤቶቹ ካልተቀራረቡ ከማስተካከያው በፊት የልዩነቱን ምክንያት መፈለግ ይቀድማል።

ልኬት ምን ያህል እንደሚያራምድ ለመረዳት የምሥራቅ ጀርመኑን የኤም.ዜድ. ፋብሪካ ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። መሐንዲሱ ዋልተር ካደን የባለሁለት ምት ሞተር የጢስ ቱቦ ውስጥ የሚመላለሰውን የግፊት ሞገድ በመሣሪያ እየተከታተለ የቱቦውን ቅርጽ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1961 የ125 ሲሲው የእሽቅድምድም ሞተር 25 ፈረስ፣ ማለትም በሊትር 200 ፈረስ ደረሰ። በአንጻሩ በአንዳንድ ጋራዥ ማርሚታውን ፈትቶ ወይም ቆርጦ «ጉልበት ጨመርኩ» የሚል ይገኛል። በባለሁለት ምት ሞተር ላይ እንዲህ ያለው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ጩኸትን ሲሆን፣ ጉልበቱን እንዲያውም ይቀንሳል። ጆሮ ዲናሞሜትር አይደለም።

፫. የከፍታ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሞተር የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ምንም ጉድለት የሌለበት ሞተር እንኳ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል እዚህ አያገኘውም። የውስጥ ሰበቃው ከአየሩ ጋር ስለማይቀንስለት ጉድለቱ ከሩብ ጥቂት እንኳ ይበልጣል። በመጽሐፍ 11 ፈረስ የተባለው ሞተር በዘንጉ ላይ ወደ 8 ፈረስ፣ በኋላ ጎማው ላይ ወደ 7 ፈረስ ቢሰጥ ጤነኛ ነው።

ይህን ልዩነት ለማቻቻል የማረሚያ ደንቦች ወጥተዋል። ዲን 70020 የተባለው የጀርመን ደንብ ልኬቱን ወደ 1013 ሚሊባር ግፊትና ወደ 20 ዲግሪ ሙቀት ይመልሳል። የአሜሪካው ጄ1349 ደግሞ 990 ሚሊባርንና 25 ዲግሪን መነሻ ያደርጋል። ግፊቱ 760 ሚሊባር፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን 9 ፈረስ የተለካ ሞተር በዲን ሲታረም በ1.33 ተባዝቶ 12 ፈረስ ይሆናል። ያው ሞተር፣ ያው ቀን፣ ሁለት ቁጥር። የትኛው እንደሆነ ያልተገለጸለት ባለቤት በቀላሉ ሊታለል ይችላል። ከዚህም በላይ የአውሮፓ የመለኪያ ደንቦች ማረሚያው ከ0.93 እስከ 1.07 ባለው ወሰን ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ የመለኪያው ሁኔታ በዝርዝር አብሮ መጻፍ አለበት። የእኛ ማረሚያ ከዚህ ወሰን እጅግ የራቀ ነው። ስለሆነም የተለካውን ቁጥር፣ የታረመውን ቁጥር፣ ግፊቱንና ሙቀቱን አራቱንም መጻፍ ለእኛ ግዴታ እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ከፍታው የሚያሳስተው በጉልበቱ ቁጥር ብቻ አይደለም። የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት የምንለካበት መሣሪያም በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ያነባል። መመሪያው መጽሐፍ 12 ኪሎ ግራም በካሬ ሳንቲሜትር ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛው ሞተር 9 ያህል ያሳያል። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ፋሻው አልቋል፣ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ይግባ ብሎ ይፈርዳል። ጤነኛ ሞተር ይፈታል፤ ባለቤቱም ለሌለ በሽታ መድኃኒት ይገዛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ካርቡራቶሩም እንዲሁ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በክብደት የሚቀንሰውን ያህል ነዳጁ አይቀንስም። የነዳጁ ፍሰት የሚቀንሰው በአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ልክ ነው። እፍጋቱ 0.75 ሲሆን የ0.75 ካሬ ሥር 0.87 ስለሆነ፣ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። ሞተሩ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ቤንዚኑ በከንቱ ይቃጠላል። መፍትሔው ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ነዳጁ በልክ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ማሳነስ ነው። የቀዳዳው ስፋት በ0.87 ሲባዛ ውፍረቱ በ0.93 ይባዛል። እንግዲህ ቀዳዳው 1.00 ሚሊሜትር ከነበረ ስሌቱ የሚጠቁመው 0.93 ሚሊሜትር ነው። በመቶኛ ሚሊሜትር በሚቆጠሩት ላይ ከ100 ወደ 93 መውረድ ማለት ነው። በአንዳንድ ፋብሪካ ጂግለሮች ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ውፍረት ሳይሆን የፍሰቱን መጠን የሚያሳይ ስለሆነ፣ ከመቀየር በፊት ቁጥሩ የምን እንደሆነ መለየት ያሻል።

፬. ዲናሞሜትር በሌለበት

ዲናሞሜትር የሌለበት ጋራዥ ሊለካ አይችልም ማለት አይደለም። ሰዓት፣ የክብደት ሚዛንና ቁልቁለቱ የታወቀ ሰዋራ መንገድ በቂ ናቸው። በመጀመሪያ በደልዳላ መንገድ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ ሞተር ብስክሌቱ ከ75 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። በሁለቱም አቅጣጫ ተደጋግሞ ማዕከላዊው ይወሰዳል። ይህ የአየሩንና የጎማውን መቋቋም ይሰጠናል። ቀጥሎ ያው ሞተር ብስክሌት ሙሉ ጋዝ ተከፍቶለት ዳገቱን በማይለዋወጥ ፍጥነት ሲወጣ ፍጥነቱ ይመዘገባል።

አንድ ምሳሌ እናስላ። ተሽከርካሪውና ነጂው አንድ ላይ 180 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ከ75 ወደ 65 ለመውረድ 4 ሴኮንድ ከፈጀ፣ መቋቋሙ 125 ኒውተን ይሆናል። ዳገቱ ስድስት በመቶ ከሆነ የክብደቱ ስበት 106 ኒውተን ነው። ድምሩ 231 ኒውተን። በዳገቱ ላይ የጸናው ፍጥነት 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም 19.4 ሜትር በሴኮንድ ከሆነ፣ ጉልበቱ 4490 ዋት ያህል ወይም 6.1 ፈረስ ይመጣል። ከላይ እንዳየነው ጤነኛው በጎማው ላይ ወደ 7 ፈረስ ይጠበቅበት ስለ ነበረ፣ በእርግጥ የጠፋው አንድ ፈረስ ያህል ነው። «ደከመ» የሚለው ቃል ቁጥር አገኘ ማለት ነው። የመንኮራኩሮቹ የራሳቸው መዞር በስሌቱ ውስጥ ስላልገባ ጥቂት ስሕተት ይኖረዋል። ያንኑ ተሽከርካሪ ከጥገና በፊትና በኋላ ለማስተያየት ግን ይህ እምብዛም አይጎዳም፤ መንገዱ፣ ነጂውና የአየሩ ሁኔታ አንድ እስከሆኑ ድረስ።

፭. የማስተካከያው ቅደም ተከተል

አሮጌ ሞተር መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጠፋበት ጉልበት እንዲመለስለት ነው። አዲስ ጉልበት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የጠፋውንም ለመፈለግ ከርካሹና ከቀላሉ መጀመር ይገባል።

በቅድሚያ ከሞተሩ ውጭ ያለው ይመርመር። ያላለቀቀ ፍሬን፣ የደረቀ ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና፣ የተበላሸ ኩሽኔታ፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ እያንዳንዱ ጉልበት ይበላል። ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያውና ማርሚታው ይታይ፤ በባለሁለት ምት ሞተር የጢስ መውጫው በጥላሸት ሲጠብ ሞተሩ ይታፈናል።

ሦስተኛው የእሳቱ ጉዳይ ነው። በፑንቲና በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ካሙን የሚነካው የፑንቲናው ተረከዝ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ፑንቲናው ዘግይቶ ስለሚከፈት እሳቱም ይዘገያል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሙቀት ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚታረመው ያለ ምንም ዕቃ ግዢ፣ በመፍቻና በስስ የብረት መለኪያ ብቻ ነው። በአራተኛ ደረጃ በባለአራት ምት ሞተር ላይ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በመመሪያው መሠረት ይስተካከል።

አምስተኛ፣ የመጭመቅ ግፊቱ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ይለካ፤ ውጤቱም ለከፍታው ታስቦ ይፈረድበት። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት አስገብቶ እንደገና መለካት ነው። በባለአራት ምት ሞተር ላይ ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮቹን ወይም የቴስታታውን ጉዋርኒሲዮን መጠርጠር ይገባል። ካርቡራቶሩ የሚነካው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከተስተካከለም በኋላ ሞተሩን በሙሉ ጋዝ ጥቂት አስኬዶ፣ በዚያው ቅጽበት አጥፍቶና ፍሪሲዮን ይዞ ካንዴላውን መመልከት ይጠቅማል። ቡናማው መልካም፣ ጥቁሩ ነዳጅ የበዛበት፣ ነጩ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ምልክት ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ከዚያም ይለካ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም።

፮. ከደጋ ወደ ቆላ

አሁን የምናገረው ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገውን ነው። ለአዲስ አበባ አየር በልክ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ልኩ ይፈርሳል። በትንሹ ጂግለር ወደ መተሐራና አዋሽ ቢወርድ፣ ቆላው ሞቃት ቢሆንም አየሩ ስለሚያፍግ ድብልቁ 6 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ እስከ ጅቡቲ ከቀጠለም ከ10 በመቶ በላይ። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። በደጋው ቀጭን አየር ተማምኖ ቴስታታውን ያስላጨና እሳቱን ያስቀደመ ሞተር፣ ቆላው ላይ በጭነት ሲወጣ ማንኳኳት ይጀምራል። ማንኳኳቱ ችላ ከተባለ ፒስቶኑ ይበሳል።

በተለይ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባለት ባለሁለት ምት ሞተር አደጋው ድርብ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ነጂው ጋዙን ዘግቶ በማርሽ ሲወርድ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ነዳጅ ስለማይገባ ግን ዘይትም አይገባም። ፒስቶኑ ደርቆ ሲሊንደሩን ሊነክስ፣ የኋላ ጎማውም በድንገት ሊቆለፍ ይችላል። በገደል አፋፍ ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሞተር ለሚነዳ ሰው ሁለት ነገር መንገር ግዴታችን ነው፦ ከመውረዱ በፊት ትልቁን ጂግለር እንዲመልስ፣ ሲወርድም በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዞ ጋዝ እንዲሰጥ። ጂግለሩን የቀየረ መካኒክም የቀድሞውን ለባለቤቱ አብሮ ያስረክብ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከላይ ከተናገርሁት የሚከተለው የሥራ ሐሳብ ቀላል ነው። ማኅበራችን አንድ ገጽ የመለኪያ ቅጽ ያዘጋጅ። በቅጹ ላይ የሞተሩ ዓይነት፣ የተለካበት ቦታ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊትና ሙቀት፣ ልኬቱ በዘንግ ወይም በጎማ መሆኑ፣ የመጭመቅ ግፊቱ፣ የጂግለሩ ቁጥር፣ ከጥገና በፊትና በኋላ የተገኘው ጉልበት ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ። ቅጹ ከወረቀቱ ዋጋ በላይ ወጪ የለበትም። ባለቤቱ የከፈለበትን ያውቃል፤ መካኒኩ በሠራው ልክ ይመሰገናል፤ ቅጾቹም በየዓመቱ ቢሰበሰቡ በእኛው ከፍታ፣ በእኛው መንገድ አሮጌ ሞተሮች እንዴት እንደሚያረጁ የሚያሳይ መዝገብ ይሆኑናል። ጂግለሩ ለየትኛው ከፍታ እንደተመረጠ በኪሱ ጽፎ የያዘ ነጂም ዓባይ በረሃ ላይ ብቻውን ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።